ግንቦት በተበላ፣ ግንቦት በባሕር

ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። የእኛዋ ሶዶ ግን በዚያን ዕለት ገና በጣሊያን እጅ ነበረች፤ ነፃ የወጣችው ግንቦት 14 ነው። ይህን በየዓመቱ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ፤ በየዓመቱም ተማሪዎቼ እንደ አዲስ ወሬ ይሰሙታል። የሚያዝያ 27ን በዓል የሚያውቁት አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር አበባ ሲቀመጥ በቴሌቪዥን አይተው ነው። የገዛ ቅድመ አያቶቻቸው ግን ገና አሥራ ሰባት ቀን ይቀራቸው ነበር።

ዘንድሮ አንድ ነገር ገጥሞልኛል። የ1933ን ባሕረ ሐሳብ ከዘንድሮው ጋር አስተያየሁት፤ ቀኖቹ ልክ ለልክ ናቸው። ፋሲካ ያኔም ሚያዝያ 12 ዋለ፣ ዘንድሮም ሚያዝያ 12። ያኔም ሚያዝያ 27 ሰኞ ነበር። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ሶዶ ቀንና ከዚያም ትንሽ አለፍ ብዬ ያንን ዓመት ቀን በቀን ልከተለው አስቤያለሁ፤ የብሱን ብቻ ሳይሆን ባሕሩንም።

ባሕሩን ያስገቡብኝ ጎረቤቴ ናቸው። አጥር የሚለየን እኚህ ሰው የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ፤ ወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ አልቆ ነው ወደ መንደራችን ወደ ተበላ የተመለሱት። ፍየላቸውን የሚያስሩበት ቋጠሮ እንኳ የመርከብ ነው፤ ፍየሏ በሳበችው ቁጥር ይጠብቃል፣ እሳቸው በአንድ ጣት ሲነኩት ይፈታል። ዛሬ ጠዋት በአጥሩ በኩል «መምህር፣ አንተ የምታስተምረው ጦርነት እግረኛ ብቻ ነው፤ ጣሊያን በእግሩ ነው የመጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጣሊያን በመርከብ መጣ፣ በመርከብ ተቀለበ፣ መርከቡ ሲቋረጥበት ደግሞ እዚህ ተራራ ላይ ብቻውን ቀረ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

የዛሬ 84 ዓመት በዚህች ዕለት፣ አዲስ አበባ በደስታ ማግስት ላይ ሳለች፣ ጉሊየልሞቲ የምትባል የጣሊያን ሰርጓጅ መርከብ ፈረንሳይ አገር ቦርዶ ወደብ ገባች። የተነሳችው ከምጽዋ ነው።

ታሪኩ ረዘም ይላል፤ ግን ደስ ብሎኝ እጽፈዋለሁ። ጣሊያን ሰኔ 3 ቀን 1932 ጦርነት ስታውጅ ምጽዋ ላይ ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሯት። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራቱ አለቁ። አንዷ ከማቀዝቀዣዋ በሾለከ መርዛማ ጋዝ መርከበኞቿ አእምሯቸውን ስተው ሱዳን ፊት ለፊት ካለ የኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች። ስሟ «መቐለ» ነበር። ሁለተኛዋ ጋሊሌይ፣ ሙንስቶን ለተባለች አነስተኛ የእንግሊዝ መርከብ እጇን ሰጥታ ኤደን ተወሰደች። ቶሪቼሊ ከብዙ የጦር መርከቦች ጋር ውኃው ላይ ሆና ተታኩሳ ሰጠመች፤ ጋልቫኒ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ኦማን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ።

«መቐለ»ን ያጡት መርከበኞች ከጠፍ ደሴት ላይ ውኃ ጥሙን ችለው ሲጠብቁ፣ ጥቂት ጓዶቻቸው በትንሽ ጀልባ ተጉዘው የእርዳታ ጥሪ አደረሱ። ሄዳ ያነሳቻቸው ጉሊየልሞቲ ናት።

የቀሩት አራቱ በየካቲት 1933 መጨረሻ፣ ከረን ላይ ውጊያው ሲፋፋም፣ ምጽዋ እንደማትተርፍ ታውቆ አፍሪካን ዞረው እንዲያመልጡ ታዘዙ። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ ነው፤ ሌላ በር የለም። የደቡብ አፍሪካን ጫፍ ዞረው፣ አትላንቲክ ላይ ከጀርመን መርከቦች ነዳጅ እየተቀበሉ አራቱም ቦርዶ ደረሱ። ጉሊየልሞቲ ከሁሉም ኋላ የካቲት 25 ወጥታ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች። ምጽዋ ራሷ መጋቢት 30 ወድቃለች።

ጠላት የነበሩትን ሰዎች ጉብዝና ስጽፍ እጄ አይሳሳብኝም። የሠሩት ሥራ ከባድ ነበር፤ ያገለገሉት ዓላማ ደግሞ እኛን ባሪያ ማድረግ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ልጆቹ ሁለቱንም ይስሙ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

መብራት ከማለዳ ጀምሮ የለም። ልደታ ለማርያም ስለሆነች መንደሩ ውስጥ ንፍሮ የያዘ ሁሉ ይዞራል፤ እኔም እፍኜን ይዤ የአክስቴ ልጅ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። በቆሎ የያዙ ሴቶች ደጁ ላይ ተሰልፈዋል። መብራት ሲጠፋ የሚሠራው በአሮጌው ናፍታ ሞተር ነው። ማኖቤላውን ሁለት ሦስቴ አዙሮ ሲለቀው ሞተሩ አስነጥሶ ተነሳ፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ችንጋው ትንሽ ተንሸራቶ ያዘ። ቅንድቡ ሁሉ ዱቄት ነው። በሩን ዘግቶ ለመሥራት አይደፍርም፤ ጭሱ ሰው እንደሚገድል ያውቃል።

ስለ ሰርጓጅ መርከብ የማወራውን ሰምቶ «ይሄ ሞተር ባሕር ውስጥ ገብቶ አየር ከየት ያገኛል?» አለኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። አያገኝም። በዚያ ዘመን ሰርጓጅ መርከብ ሌሊት ውኃው ላይ ወጥታ በናፍታ ሞተር ባትሪዋን ትሞላለች፤ ቀን ጠልቃ በባትሪው ብቻ ቀስ እያለች ትሄዳለች። ባትሪው ካለቀ መውጣት ግድ ነው፤ ላይ ጠላት ቢጠብቅም። የባሕር ውኃ ባትሪው ውስጥ ከገባ ደግሞ የክሎሪን ጋዝ ይፈጠራል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ያነሳሁለት እንግሊዞች በጦርነቱ ዘመን የሠሯቸውን፣ የአብዛኞቹ ስም በእንግሊዝኛው «ዩ» ፊደል ስለሚጀምር «ዩ ክላስ» የሚባሉትን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት፣ አንዳይን፣ ዩኒቲና ኧርሱላ፣ ከጦርነቱ በፊት ሲታዘዙ ለውጊያ አልነበረም፤ የራሳቸው ባሕር ኃይል ሰርጓጅ የማደን ልምምድ እንዲያደርግባቸው የታሰቡ ትንንሽ መለማመጃዎች ነበሩ። ጦርነቱ ሲመጣ ግን በፍጥነት የሚሠራ መርከብ ያስፈልግ ነበር። ትንሿን አንስተው አበዟት፤ በጠቅላላው 49 ሆኑ። ርዝመታቸው 60 ሜትር ያህል፣ ሠራተኞቻቸው ሠላሳ ሰው ገደማ፣ ፊታቸው ላይ በአብዛኛው አራት የቶርፒዶ ቱቦ፣ የሚጠልቁት እስከ 60 ሜትር። ውኃው ላይ ሲሮጡ ፍጥነታቸው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ የሚያሳድዷቸው መርከቦች ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሮጣሉ።

የአክስቴን ልጅ የማረከው ሌላ ነው። በእነዚህ መርከቦች ውስጥ ናፍታው መቅዘፊያውን በቀጥታ አያዞርም፤ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ መቅዘፊያውን የሚያዞረው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። «እንግዲያው ጄኔሬተር ተሸክማ ነው የምትሄደው» አለና ችንጋውን እያየ ዝም አለ። ከዚያ «ችንጋ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ! የሚበላሽ ነገር ቀንሰዋል» አለ። መሐንዲሶቹ ቢሰሙት ደስ ይላቸው ነበር።

ግንቦት 3፣ እሑድ

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለና ጋሼ የምላቸው ጎረቤቴ ቤት ተጠለልኩ። የተቀቀለ ጎዳሬ ከዳጣ ጋር ቀረበ፤ ዳጣው ዓይን ያስለቅሳል። ወረቀት ይዤ ሄጄ ስለነበር የመርከቦቹን ስም አነበብኩላቸው፤ የእንግሊዞቹን ሳይሆን የጣሊያኖቹን።

አድዋ። አክሱም። ጎንደር። ደሴ። መቐለ። ተምቤን። ሽሬ። አራዶም። አላጄ። አሸንጌ። ነገሌ። ደገሃቡር። ዋቢ ሸበሌ።

ጋሼ መብላታቸውን አቆሙ። ጣሊያን ወረራውን በጨረሰ ማግሥት አሥራ ሰባት ሰርጓጅ መርከቦችን አንድ ዓይነት አድርጎ ሠራና አብዛኞቹን በእኛ ከተማ፣ በእኛ አምባ፣ በእኛ ሐይቅና ወንዝ ስም ጠራቸው። «አድዋ ክላስ» ይባላሉ። የተቀሩት ስሞች የሶማሌና የቀይ ባሕር ዳርቻ ናቸው። እኔ ይህን ስድብ እለዋለሁ። አድዋ ላይ የሆነውን ዓለም ያውቃል፤ በአርባ ዓመቱ ያንን ስም ብረት ላይ ጽፎ ባሕር ውስጥ መክተት የተሸናፊ ቂም ነው። በመርዝ ጋዝ የተደበደበውን አምባ አራዶምን በጦር መሣሪያ ግንባር ላይ መለጠፍ ደግሞ ከዚያ ይከፋል።

ምን ደረሰባቸው? ከአሥራ ሰባቱ ጦርነቱን አልፋ የተረፈች አንዲት ብቻ ናት፤ አላጄ። «ጎንደር» መስከረም 20 ቀን 1933 እስክንድርያ አካባቢ ጠፋች። በዓመቱ፣ በዚያው መስከረም 20፣ «አድዋ» ምዕራብ ሜዲትራኒያን ላይ ከነመርከበኞቿ ሰጠመች። «አክሱም» ግን ነሐሴ 6 ቀን 1934 በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው ቶርፒዶዎች ሁለት የእንግሊዝ ክሩዘሮችንና ማልታን ሊቀልብ የሚሄደውን ኦሃዮ የተባለ ነዳጅ ጫኝ መታች። «ሽሬ» በሰው የሚነዱ ቶርፒዶዎችን አድርሳ እስክንድርያ ወደብ ውስጥ ሁለት የእንግሊዝ ትልልቅ የጦር መርከቦችን አስመታለች። ሙያ አልጎደላቸውም።

የእንግሊዞቹ ትንንሽ መርከቦች በተቃራኒው ብዙዎቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም። ፒ 32፣ ፒ 38፣ ፒ 42 እየተባሉ በቁጥር ዘመቱ፤ በቁጥር የሰጠሙም አሉ። ስም ይውጣላቸው ብሎ ያዘዘው ቸርችል ነው፤ ሰው የሚሞትበት መርከብ በቁጥር መጠራት የለበትም ባይ ነበር። በዚህ ነገር ከቸርችል ጋር እስማማለሁ።

ጋሼ ሰርጓጅ መርከብ በዓይናቸው ያዩት ዳህላክ ደሴቶች ላይ ነው። ኖክራ የሶቭየቶች ሰፈር ነበረ። «ግማሿ ውኃ ውስጥ ስለሆነ ትንሽ ትመስልሃለች፤ ሰው ጀርባዋ ላይ ሲቆም ነው መጠኗ የሚታይህ» አሉኝ። የእኛ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ አልነበረውም። ትልቋ መርከባችን «ኢትዮጵያ» ነበረች፤ አሜሪካ የሰጠችን። ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ይለወጣል።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ዓሣ ከሚያመጡ ልጆች ጋር በሞተር ብስክሌት ወደ አባያ ወረድኩ። መንገዱ በዝናቡ ተቦርቡሯል። ተራራው ላይ ደኑ ጠቁሮ ይታያል፤ ከሃያ ዓመት በፊት ራቁቱን የነበረ ተራራ ነው፣ ሕዝቡ ከልሎ ጠብቆ ጉቶው ራሱ እንዲያቆጠቁጥ ያደረገው።

ሐይቁ ዳር ቁጢጥ ብዬ እጄን ውኃው ውስጥ አስገባሁ። ክንዴ እስከ አንጓው ድረስ ብቻ ታየኝ፣ ከዚያ በታች ቀይ ነው። አባያ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ብላቴ አፈር ይዞለት ይወርዳል። አንዱ ልጅ «አዞ ይኖራል፣ ተነሳ» አለኝና ተነሳሁ።

የእነዚያ ትንንሽ የእንግሊዝ መርከቦች መቀመጫ በነበረችው ማልታ ዙሪያ ያለው ባሕር የዚህ ተቃራኒ ነው። ውኃው ጥርት ያለ ስለሆነ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ጠልቃ የምትሄድን ሰርጓጅ ጥላዋን ያገኘዋል። እንግሊዞች ለዚህ ሲሉ መርከቦቻቸውን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ቀቧቸው። ማልታ ወደብ ውስጥ፣ ማኖኤል ደሴት ላይ፣ ላዛሬቶ የሚባል የድሮ ሕንፃ አለ፤ በወረርሽኝ ዘመን ከባሕር የመጣ መንገደኛ ተለይቶ የሚቆይበት ነበር። አሥረኛው የሰርጓጅ ፍሎቲላ የተቀመጠው እዚያ ነው። በ1934፣ አውሮፓ ውስጥ ክረምትና ጸደይ በሆነበት ወቅት፣ ጀርመኖች ከሲሲሊ እየተነሱ ሌት ተቀን ሲደበድቡ፣ መርከቦቹ ቀን ቀን ወደቡ ውስጥ መሬት ድረስ ጠልቀው ይውሉ ነበር። ከዘመቻ ተመልሶ ለማረፍ የመጣ ሰው በገዛ ወደቡ ውስጥ አየር እየቆጠበ ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ይውላል። በሚያዝያ ወር ነገሩ ባሰና ፍሎቲላው ወደ እስክንድርያ ሸሸ፤ ሐምሌ ላይ ተመለሰ።

ከእነዚህ አንዷ ኧርጅ ትባላለች። ዌልስ ውስጥ ያለች ብሪጅንድ የምትባል ከተማ ገንዘብ አዋጥታ የእኔ ናት ብላ የተቀበለቻት ናት። ኧርጅ ሚያዝያ 1934 ማልታን ለቅቃ ስትወጣ ጠፋች። ፍርስራሿ የተገኘው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ከወደቡ ብዙም ሳትርቅ ፈንጂ መትቷት ነበር። እዚህ ላይ ስለ መርከበኞቹ ወገኖች አሰብኩ፤ ሰባ ሰባት ዓመት ሙሉ ልጆቻቸው የት እንደወደቁ ሳያውቁ የኖሩ ቤተሰቦች። የእኛም አገር ብዙ እንዲህ ያለ ቤት አለበት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ለፈተና ጉዳይ ሶዶ ዋልኩ። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት ከሻሸመኔ በአላባ ቁሊቶ በኩል እንደመጣ ሲነግረኝ ቀኑ ትዝ አለኝ። ግንቦት 11 ቀን 1933 ቁሊቶ አጠገብ፣ ብላቴ ወንዝ ላይ፣ ከኬንያ የመጣው የእንግሊዝ ንጉሥ የአፍሪካ ጠመንጃ ጦር ወንዙን ሲሻገር የጣሊያን ታንኮች ድንገት ወጡበት። ናይጄል ሊኪ የተባለ ሳጅን አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ፣ ክዳኑን ገንጥሎ በሽጉጥ ማረከው፤ ሁለተኛው ላይ ሲወጣ ተገደለ። እንግሊዝ ትልቁን የጀግና ሜዳሊያዋን፣ ቪክቶሪያ ክሮስን፣ ከሞተ በኋላ ሰጥታዋለች። አብረውት የተዋጉት የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ስም ግን ብዙም አይነገርም።

በዚያው ዕለት ሰሜን ላይ አምባ አላጄ እጁን ሰጠ፤ የጣሊያኑ እንደራሴ የአኦስታው መስፍን ተማረከ። ተራራው ወደቀ፣ በስሙ የተጠራችው ሰርጓጅ ግን ጦርነቱን ተሻገረች።

ለወጣቱ የሊኪን ታሪክ ነገርኩት። «ያን ድልድይ በየሳምንቱ አልፈዋለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እስክንደርስ ድረስ ግን ሞባይሉን አልነካም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ የብስ፣ በቀኝ ባሕር። በግራ በኩል፦ ግንቦት 14 ቀን 1933፣ ሐሙስ፣ 22ኛው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ሶዶ ገባ፤ ሁለት የጣሊያን ጄኔራሎች ከነሠራዊታቸው ተማረኩ። በቀኝ በኩል ግንቦት 16 ብዬ ጻፍኩና ባዶ ተውኩት፤ ቅዳሜ ለሚመጡ ማጠናከሪያ ተማሪዎች አቆየሁት።

አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነስታ «ታዲያ እነዚያ ትንንሽ የእንግሊዝ መርከቦች ናቸው ሶዶን ነፃ ያወጡት?» አለች። አይደሉም፤ ይህንን ግልጽ አድርጌ ነው የመለስኩላት። ሶዶ ያለውን ጣሊያን ያስራበው የስዊዝ መዘጋት፣ የሞቃዲሾና የምጽዋ መውደቅ ነው፤ ያሸነፈው ደግሞ አምስት ዓመት ጫካ ያደረው አርበኛና ከየቅኝ ግዛቱ የተሰበሰበው እግረኛ። ማልታ ያሉት ሰርጓጆች የሚያድኑት ከጣሊያን ወደ ሊቢያ የሚሻገረውን ጦርና ስንቅ ነበር። ግን ሁለቱ ግንባሮች አንድ ኪስ ነበራቸው። እዚህ የሚዋጋው የደቡብ አፍሪካ ክፍለ ጦር ከአምባ አላጄ እንደወረደ ወደ ግብፅ ነው የተላከው፤ እዚያ የሚጠብቀው ጠላት ደግሞ ምን ያህል ታንክ፣ ምን ያህል ነዳጅ፣ ምን ያህል ሰው ባሕሩን ተሻግሮ ደረሰለት በሚለው ይወሰናል።

ልጅቷ «እንግዲያው እኛ ሳናውቃቸው አብረን ነበርን» ብላ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ከአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሲወጣ አስተማሪነቴን እወደዋለሁ።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

የቀኝ ረድፉን ዛሬ ሞላሁት። ግንቦት 16 ቀን 1933፣ እንደ ዛሬው ቅዳሜ ማታ፣ ሶዶ ነፃ በወጣች በሁለተኛው ቀን፣ ሲሲሊ አጠገብ አፕሆልደር የተባለችው የዩ ክላስ መርከብ ኮንቴ ሮሶን አገኘቻት። የአፕሆልደር አዛዥ ማልኮም ዴቪድ ዋንክሊን ነው። የድምፅ ማዳመጫ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ቀኑ እየጨለመ ነው፣ የቀሩት ቶርፒዶዎች ሁለት ብቻ ናቸው። ኮንቴ ሮሶ ወታደር ሞልታ በአጃቢ ተከብባ ወደ ሊቢያ የምትሄድ ትልቅ የመንገደኛ መርከብ ናት፤ የተሠራችውም እዚያው እንግሊዞች ዘንድ፣ ስኮትላንድ ግላስጎ ነው። ዋንክሊን ተጠግቶ ሁለቱንም ተኮሰ። አጃቢዎቹ በሃያ ደቂቃ ውስጥ 37 የጥልቅ ውኃ ፈንጂ ጣሉበት። አመለጠ።

ከ2,700 በላይ ሰው ከተሳፈረባት መርከብ ከ1,200 በላይ ሞተ።

ልጆቹ መጀመሪያ «አምልጧል» ስል አጨበጨቡ፤ ቁጥሩን ስጽፍ ጭብጨባው ቆመ። አላስቆምኳቸውም፣ አልገሰጽኳቸውምም። ዋንክሊን ለዚህ ሥራው ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለመ፤ በዚያ ጦርነት ከሰርጓጅ መርከበኞች የመጀመሪያው እሱ ነው። መስከረም 8 ቀን 1934 ደግሞ ኔፕቱኒያና ኦሺያኒያ የተባሉትን ሁለት ትልልቅ የጦር ማጓጓዣዎች በአንድ ማለዳ አሰጠመ። ሚያዝያ 1934 እሱም፣ አፕሆልደርም፣ የተሳፈረው ሁሉ ሳይመለስ ቀረ።

ማታ ለጋሼ ስነግራቸው «1,200» የሚለውን ደጋግመው አስጠሩኝ። «የሚዋኝ ሰው ድምፅ ሌሊት ባሕር ላይ ሩቅ ይሰማል» አሉ። ይህንን ከየት እንደሚያውቁት አልጠየቅኳቸውም።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

ያቺ የኋላ ወንበር ተማሪ በእረፍት ሰዓት መጥታ «ከምጽዋ ያመለጠችውስ?» አለች። ለካ የሚያዝያውን ወሬ ከወንድሟ ሰምታለች።

ጉሊየልሞቲ ከቦርዶ ወደ ሜዲትራኒያን ተመለሰች። መጋቢት 8 ቀን 1934 ሲነጋጋ፣ የጣሊያን ካርታ እግር በሚመስልበት በጣቱ ጫፍ በኩል ስታልፍ፣ አንቢተን የተባለች የዩ ክላስ መርከብ በቶርፒዶ መታቻት። አንድም ሰው አልተረፈም። የ«መቐለ»ን መርከበኞች ከደሴት ያነሳች፣ አፍሪካን የዞረች መርከብ በገዛ አገሯ ዳርቻ ጠፋች። አንቢተን ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብላ ዩ 374 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ አስጥማለች፤ ከዚያችም የተረፈው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

«አንቢተንስ?» አለች። በኅዳር 1935 ከቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ ወደ አገሯ ስትመለስ የጠላት መስላቸው የራሷ ወገን አውሮፕላን እንደደበደባት ይታመናል። ከእሷም የተረፈ የለም።

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ቆየችና «ጉሊየልሞቲ ማለት ማን ነው?» አለችኝ። መነኩሴ ነው አልኳት፤ የባሕር ታሪክ ይጽፍ የነበረ የዶሚኒካን መነኩሴ። የታሪክ ጸሐፊ ስም ይዛ የታሪክ ጸሐፊ ሊረሳት የማይገባ መርከብ ሆነች።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ፈተና አርሜ ስጨርስ ለጋሼ የመጨረሻውን ወሬ ይዤ ሄድኩ፤ ካነበብኩት ሁሉ እኔን የያዘኝ ይኼ ነው።

ኔፕቱኒያና ኦሺያኒያ በሰጠሙበት ማለዳ አብራቸው የምትሄድ ሦስተኛ መርከብ ነበረች፤ ቩልካኒያ። የዩ ክላስ የመጀመሪያዎቹ ከሆኑት ሦስቱ አንዷ፣ ኧርሱላ፣ ቶርፒዶ ተኮሰችባት። ሳታት። ቩልካኒያ አመለጠች።

ከጥቂት ወራት በኋላ እንግሊዝና ጣሊያን ተስማሙና ቩልካኒያ ነጭ ተቀባች፣ ቀይ መስቀል ተሳለባት። ከእሷ ጋር ሳቱርኒያ፣ ጁሊዮ ቼዛሬና ካዮ ዱይሊዮም እንደዚያው ሆኑ። ስዊዝን ሳይሆን ደቡብ አፍሪካን ዞረው በርበራ ደረሱና ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡትን የጣሊያን ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ጫኑ። የእንግሊዝ ሰርጓጆች እንዳይነኳቸው ታዘዙ።

ጋሼ ዝናቡን እያዩ ብዙ ቆዩ። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ልጆቹ ደረሱ?»

ደረሱ። መርከቦቹ እስከ 1935 ድረስ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ወደ 28,000 ሰው አገሩ አስገብተዋል።